የናበጋው ተማሪና አኮፋዳውን የሞሉ እጆች

ወጣት አባላት ስለ ተማሪነት ጊዜያችን እንድንጽፍ በስብሰባ ላይ ሲጠየቅ እኔም እጄን አውጥቼ ነበር። ብዕር ሳነሣ ግን አንድ ሌላ የፎገራ ተማሪ ትዝ አለኝ። ዛሬ የምጽፈው በአብዛኛው ስለ እርሳቸው ነው። በመጨረሻ ስለ ራሴ ቤት ትንሽ እንድጨምር ፍቀዱልኝ።

አለቃ ገብረ ሐናን የማያውቅ የለም። ቡና ሲፈላም ሆነ ሠርግ ቤት ሰው ሲሰበሰብ አንድ ሰው የእርሳቸውን ቀልድ ሳያነሣ አይቀርም። ሌላ ሰው የተናገረው ቀልድ እንኳ ለእርሳቸው ይሰጣል። ወረታ አብረውኝ ከተማሩት ልጆች ግን ብዙዎቹ አለቃ የኛው አገር ሰው መሆናቸውን አያውቁም ነበር። እኔም የሰማሁት ከአያቴ ነው።

አለቃ የተወለዱት በ1814 ዓ.ም. በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ ነው። ናበጋ በጣና ዳር፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ያለ አገር ነው። በዚያን ጊዜ ሩዝ የሚባል እህል በፎገራ አይታወቅም። ሜዳው የከብት ግጦሽ ነበር። ውኃው ሲሸሽ በእርጥቡ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል፣ ከፍ ባለው ቦታ ጤፍና ዳጉሳ ይበቅላል። ዘመኑ ደግሞ ዘመነ መሳፍንት ነው። ቤጌምድርን የሚገዙት ራሶች ደብረ ታቦር ተቀምጠው ነበርና ወታደር በየገበሬው ቤት ይሰፍር ነበር። የቤት እመቤት ለልጆቿ ብቻ ሳይሆን ሳትጠራው ለመጣው ወታደርም መፍጨትና መጋገር ነበረባት።

ልጅ በሚበዛበት የገበሬ ቤት ሥራው ለልጆች ይከፋፈላል። አንዱ ከብት ይጠብቃል፣ አንዱ ከአባቱ ጋር ያርሳል፣ ሴቶቹ ውኃ ይቀዳሉ፣ ወፍጮ ላይ ይቀመጣሉ። ከወንዶቹ አንዱ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል፤ እርሱ ከየኔታ ዘንድ ይሄዳል። ትምህርቱ የሚጀምረው ከፊደልና ከአቡጊዳ ነው። ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስና ወንጌሉ ይነበባል፣ ልጁ ዳዊት ሲደግም ቤተሰቡ ይደሰታል፣ ለየኔታም እንደ አቅሙ ድግስ ይደግሳል። ለብዙው ልጅ ትምህርት እዚያ ላይ ያበቃ ነበር።

አለቃ ግን አላቆሙም። ፎገራን ለቀው ወደ ጎጃም ተሻገሩ፣ ቅኔ ተማሩ፣ ከዚያም ጎንደር ገቡ። ከአገር ርቆ መሄድ የተማሪ ወግ ነው። ተማሪ ቤተሰቡ አጠገብ ከሆነ ለአጨዳና ለአረም እየተጠራ ከትምህርቱ ይጎድላል፤ ስለዚህ ብዙው ተማሪ ማንም ወደማያውቀው አገር ይሄዳል። የሚይዘው ንብረት ጥቂት ነው፤ ለብርድ የሚለብሰው የበግ ቆዳ ደበሎ፣ ለውሻ የሚሆን በትርና ቁራሽ የሚያጠራቅምበት አኮፋዳ። የየኔታው ቤት ዙሪያ ትንሽ የሣር ጎጆ ሠርቶ ይተኛል። ብራና ውድ ስለሆነ መጽሐፍ በእጁ የለውም። መምህሩ በቃል የነገሩትን ሌሊት እሳት ዳር ተቀምጦ ደጋግሞ ያጠናል። ቅኔ ቤት ሲገባ ደግሞ የሰማውን መድገም አይበቃም፤ በየቀኑ የራሱን አዲስ ቅኔ አስቦ ለመምህሩ ማሰማት አለበት። ትንሹ ቅኔ፣ ጉባኤ ቃና የሚባለው፣ ሁለት ቤት ብቻ ነው። በሁለት ቤት ውስጥ ሰምና ወርቅ አስማምቶ መናገርን የለመደ ልጅ በኋላ በአማርኛ ሲናገር ሰው ቢያስቅ አይገርምም። የአለቃ ቀልድ ሥሩ ቅኔ ቤት ነው።

እኔን ያቆመኝ ግን አኮፋዳው ነው። ተማሪው ቀትር ላይ ከየኔታ ፊት ተነሥቶ ወደ መንደር ይሄዳል፣ ደጅ ቆሞም በማርያም ስም ይለምናል። ውሻውን የምትከለክለው፣ ከመሶቧ ቁራሽ ቆርሳ የምትሰጠው የዚያ ቤት እመቤት ናት። መሶቡ ባዶ ከሆነ ቆሎ ትዘግንለታለች፤ የቆሎ ተማሪ የሚባለውም ከዚህ ነው። ስሙን አትጠይቀውም፣ ነገ ሊቅ ይሁን አይሁን አታውቅም። የእርሷም ልጅ ምናልባት በሌላ አገር ደጅ ቆሞ ይሆናል። አንድ ሊቅ ለመውጣት ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት ዓመት ይፈጃል። በዚያ ሁሉ ዓመት ስንት ሴት ምጣድ ላይ እንደቆመች አስቡት። የመምህራኑ ስም ከትውልድ ወደ ትውልድ ይቆጠራል፣ እገሌ ከእገሌ ተማረ ይባላል። የመጋቢዎቹ ስም ግን በዚያ ቆጠራ ውስጥ የለም።

አለቃ በጎንደር ከተማሪነት ወደ መምህርነት፣ ከዚያም ወደ አለቅነት ደረሱ። በፍትሐ ነገሥት፣ በባሕረ ሐሳብና በአቋቋም ስማቸው የታወቀ ሊቅ ሆኑ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ዕድሜያቸው 33 ገደማ ነበር። ንጉሡ የካህናቱን ቁጥርና የቤተ ክርስቲያንን መሬት ለመቀነስ በተነሡ ጊዜ ከሊቃውንቱ ጋር ተጣሉ፣ በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ጎንደር ራሷ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። በአገራችን እንደሚነገረው አለቃ ከዚያ መከራ ሸሽተው በጣና ደሴት በሬማ መድኃኔ ዓለም ተጠግተው ነበር። በዚያም የውኃውን ማዕበልና የደንገሉን ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ተመልክተው አዲስ የዝማሜ ሥርዓት አወጡ ይባላል።

አቋቋም ማለት ካህናት በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚያቀርቡት ምስጋና ነው። በጎንደር የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉ ሁለት ስልቶች ነበሩ። የአለቃን አዲስ ስልት የጎንደር ሊቃውንት በቀላሉ አልተቀበሉትም። አለቃም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ልጁ ተቀብሎ አስፋፋው፣ ደብረ ታቦር ኢየሱስም ዋና ማስመስከሪያው ሆነ። ስለዚህ ዛሬ የገብረ ሐና አቋቋም ሳይሆን ተክሌ አቋቋም ይባላል። ጥምቀት ላይ ካህናቱ እንደ ደንገል ሲወዛወዙ ስታዩ ያ ከቤት የወጣ፣ ከአባት ለልጅ የተላለፈ ትምህርት ነው።

ስለ ባለቤታቸው ስለ ወይዘሮ ማዘንጊያም ላንሣ። በቀልዶቹ ውስጥ ደጋግመው ይመጣሉ። ብዙ ጊዜ የሚሳቅባቸው እርሳቸው ናቸው። ከእርሳቸው ሌላ ደግሞ ወጥ ያቀጠነች፣ እንጀራ ያሳነሰች፣ ጠላ ያጎመዘዘች ባለቤት ሁሉ የአለቃ ምላስ አያልፋትም። እኔም እስቃለሁ፤ መሳቁ ኃጢአት የለውም። ከሳቅሁ በኋላ ግን አስባለሁ። ወጡ የቀጠነው እህል ስላነሰ፣ እንግዳ ስለበዛ ይሆናል። አለቅነት ያለበት ቤት ተማሪውም፣ ካህኑም፣ ባለጉዳዩም የሚገባበት ቤት ነው። ያን ሁሉ ሰው ማብላት የማዘንጊያ ሥራ ነበር። ቀልዱ እስከ ዛሬ ሲነገር የእርሳቸው ድካም አይነገርም።

አለቃ በኋላ ዘመናቸው ወደ ሸዋ ወርደው በዐፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ቤተ መንግሥት ታወቁ። መኳንንቱ ይፈሯቸውም ይወዷቸውም ነበር፤ በቀልድ የነገሩት ሰው ተቆጥቶ እንኳ ሳይስቅ አይቀርምና። ከ80 ዓመት በላይ ኖረው በ1890ዎቹ መጨረሻ ዐረፉ።

ሴት ልጅ በዚያ ትምህርት ውስጥ ቦታ አልነበራትም ስል ከነጭራሹ አልነበረም ማለቴ አይደለም። በጎጃም፣ ጽላሎ፣ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዐይናቸው ሳያይ የቅኔ መምህር ሆነው ወንዶችን አስተምረዋል። አባታቸው የቅኔ መምህር ስለነበሩ ትምህርቱን ያገኙት ቤታቸው ውስጥ ነው። ደጅ ለደጅ ለምና እንድትማር የምትለቀቅ ሴት ልጅ ግን እምብዛም አልነበረችም። በር ከፍታ ቁራሽ የምትሰጥ እንጂ አኮፋዳ የምትይዝ አልነበረችም።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። እኛ ስምንት ልጆች ነን፤ እኔ ሦስተኛ ነኝ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ወረታ ከሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ ተማርኩ። እሑድ እሑድ የሳምንት እንጀራ ተሸክሜ እመጣ ነበር። ሐሙስ ላይ ይሻግታል፤ ስለዚህ ግማሹን ድርቆሽ እናደርገዋለን። አንድ ዓመት ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ የሚሆን ኪራይ ስለጠፋ እኔ እንድቀር ተወሰነ። እናቴ ከማኅበራችን ተበድራ ሩዝ ከአውድማ ገዝታ፣ አስፈልፍላ ሸጠች። በትርፉ ኪራዬን ከፈለች። ስለዚህ ነገር ብዙ ጊዜ በስብሰባ ተናግራለች፣ አጨብጭባችሁላታል።

ያልተነገረው አንድ ነገር አለ። እናቴ ገበያ ስትውል ቤቱን የያዘችው ታናሽ እህቴ ናት። ለእኔ የሚላከውን እንጀራ የጋገረችው እርሷ ናት። ከ6ኛ ክፍል ቀረች። ማንም ቅሪ አላላትም፤ ሥራው ራሱ አስቀራት። እኔ 12ኛን ስጨርስ ቤታችን ደስ አለው፤ እርሷም ጠላውን ስትቀዳ ደስ ብሏት ነበር። የአለቃን ታሪክ ሳነብ አኮፋዳዬን የሞላችው ማን እንደነበረች ገባኝ። ገብቶኝም ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ ዛሬ አንድ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ሒሳብ እጽፋለሁ። እህቴ ለመጪው መስከረም 7ኛ ክፍል ትመዘገባለች። ዕድሜዋ ከክፍል ጓደኞቿ ይበልጣል፣ ታፍራለች፣ ግን እሺ ብላለች። የምታድረው እኔ ጋ ነው፤ እንጀራውን የምጋግረው እኔ ነኝ።

ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ለልጆቻችን ትምህርት ስንበደር በዚያ ቤት ማን ቤት እንደምትቀርም እንጠያየቅ። እያንዳንዳችን በወር አንድ ጣሳ ሩዝ ወይም ጤፍ ብናዋጣ ወረታ ተከራይተው ለሚማሩ ልጃገረዶች ስንቅ ይሆናል፤ ቤት የቀረችውም እህት ለሌላ ሰው እንጀራ ስትጋግር ከመዋል ታርፋለች። የመጀመሪያውን ጣሳ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዤ እመጣለሁ። ደጋፊዎቻችንም በምትችሉት እንድታግዙን በአክብሮት እጠይቃለሁ።