የሊዮኑ ሣጥን፦ አርተር ራምቦና ሳያየው የገዛው ፎቶግራፍ ማንሻ

በጅማም ሆነ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትም ሆነ በጌራ፣ ቡና ሳያይ የሚገዛ ነጋዴ አይገኝም። ጀንፈል ከሆነ በመዳፉ ፈትጎ፣ ገለባውን ገፎ፣ ፍሬውን በጥርሱ ነክሶ እርጥበቱን ይለካል። ጆንያውን ከጎኑ ወግቶ ከመካከሉ ናሙና ያወጣል፤ የላዩ አምሮ የታችኛው የሻገተ እንዳይሆን ይጠረጥራል። ከባሕር ማዶ ሌንስ የሚያስመጣ ፎቶግራፍ አንሺ ግን ይህ ዕድል የለውም። በእጁ ያለው የአምራቹ ስምና የሻጩ ቃል ብቻ ነው። ገንዘቡን ይልካል፤ ከዚያም ይጠብቃል።

እነዚህን ሁለት የግብይት ዓይነቶች በአንድ ሕይወት ያጣመረ ሰው ቢፈለግ አርተር ራምቦ ይገኛል። ዓለም የሚያውቀው በባለቅኔነቱ ነው። በሐረርና በዓደን ግን ቡና መዝኖ የሚረከብ፣ ጥሩውን ከመጥፎው ለይቶ የሚያውቅ፣ በሒሳብ የማይዘናጋ ነጋዴ ነበር። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ከአምስት ወር ደመወዝ የሚበልጥ ገንዘብ አውጥቶ ዓይቶት የማያውቀውን ፎቶግራፍ ማንሻ ገዛ።

ራምቦ የተወለደው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 1854 በፈረንሳይ ሰሜን ምሥራቅ በሻርልቪል ከተማ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የጦር መኮንን ነበር፤ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ቤቱን ጥሎ ሄደ። እናቱ ቪታሊ መሬቷንና ገንዘቧን አጥብቃ የምትይዝ ብርቱ ሴት ነበረች። ስሙን ያስጠሩትን ግጥሞች ጽፎ የጨረሰው ሃያ ዓመት ገደማ እስኪሞላው ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ቅኔውን እርግፍ አድርጎ ተወው፤ ጃቫ ደረሰ፣ በቆጵሮስ የድንጋይ ካባ ሠራተኞች አለቃ ሆነ። በ1880 የበጋ ወራት ሥራ ፈላጊ ሆኖ ዓደን ወረደ። ስለ ግጥሞቹ ብዙ ተጽፏልና እዚህ መመለሱ አያስፈልግም።

በዓደን ሥራ ያገኘው አልፍሬድ ባርዴ የተባለ ሰው ሹም በሆነበት የሊዮን ንግድ ቤት ነበር። የመጀመሪያ ሥራው ቡና የሚለቅሙትን ሴቶች መቆጣጠርና የተለቀመውን በጆንያ አስሞልቶ ለመርከብ ማዘጋጀት ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከዘይላ ተነሥቶ የሶማሌን በረሃ ሃያ ቀን ያህል በፈረስ አቋርጦ ሐረር ገባ። ከተማይቱ በዚያን ጊዜ በግብፆች እጅ ነበረች። በውሉ መሠረት የወር ደመወዙ 330 ፍራንክ ያህል ሲሆን ከትርፉ ደግሞ ጥቂት ድርሻ ነበረው። ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይገዛል፤ በግመል አስጭኖ ወደ ባሕር ይልካል።

የፎቶግራፉ ሐሳብ የመጣለት ሐረር እንደገባ ነው። በጃንዋሪ 1881 ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ መሣሪያ ከሊዮን እየመጣ መሆኑንና የአገሩንና የሕዝቡን ምስል እንደሚልክላቸው ይገልጻል። መሣሪያው በጊዜው አልደረሰም። ወደ ዓደን ከተመለሰ በኋላ በ1882 ግን ጉዳዩን በራሱ ገንዘብ ያዘው። ምክንያቱም ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ስለ ሐረርና ስለ አካባቢው ሕዝብ ከነካርታውና ከነሥዕሉ አንድ መጽሐፍ አዘጋጅቶ ለፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ለማቅረብ ያስብ ነበር። ሁለተኛው ንግድ ነው፤ መሣሪያው ወደማይታወቅበት ወደ ሸዋ ይዞት ቢወጣ በአጭር ጊዜ ጥሩ ሀብት እንደሚያስገኝለት ተስፋ ያደርግ ነበር።

ግዢውን የፈጸመለት ዱባር የሚባል ጡረተኛ ኮሎኔል ነው። ይህ ሰው ቀደም ሲል በዓደን የባርዴ ቤት ባልደረባው ነበረ፤ በኋላም ሊዮን ገባ። ራምቦ ያመነው እንግዲህ መሣሪያውን ሳይሆን ሰውየውን ነው። የሌንስን ሥራ የሚያውቁ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይረዱታል። በዚያ ዘመን ለትልቅ የመስተዋት ፕሌት የሚሆን ሌንስ መግዛት ቀላል ምርጫ አልነበረም። ከ1840 ጀምሮ የታወቀው የፔትስቫል የፊት ምስል ሌንስ ብርሃን በብዛት ያስገባል፤ ሆኖም መካከሉን አጥርቶ ጠርዙን ያደበዝዛል። በ1866 በሙኒክ ሽታይንሃይል፣ በለንደንም ዳልሜየር እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩ ያወጡት ባለ ሁለት ወገን ሌንስ ደግሞ የሕንፃን መስመር ሳያጎብጥ ሰፊ ቦታ ይሸፍናል፤ ለገበያና ለአደባባይ የሚስማማው ይህ ነው። የተሳሳተውን የመረጠ ሰው ስሕተቱን የሚያውቀው ሣጥኑ ከተከፈተ በኋላ ነው። መስተዋቶቹን የሚያጣብቀው ሙጫ በሙቀት ተላቆ፣ ወይም አንዱ መስተዋት ከመካከሉ ፈቀቅ ብሎ ቢገኝ፣ ከሐረር ወደ ሊዮን መልሶ መላክ የማይታሰብ ነው። አንድ ዕድል ግን ረድቶታል። ከ1870ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ደረቁ ፕሌት በገበያ ላይ ውሎ ነበርና እንደ ቀድሞዎቹ መስተዋቱን በእርጥቡ ቀብቶ ሳይደርቅ የማንሣት ግዴታ አልነበረበትም።

ዋጋው ወጪው ሁሉ ተጨምሮ 1850 ፍራንክ ያህል ሆነ። ገንዘቡን ከተቀማጩ አውጥታ እንድትከፍል የታዘዘችው እናቱ ነበረች፤ እርስዋም ተቆጣች። ልጅዋ ያጠራቀመውን መሬት ሊገዛበት ሲገባ መስተዋትና መድኃኒት ገዛበት፤ ደግሞም በማያውቁት ሰው በኩል። ከእንግዲህ በጉዳዩ እንደማትገባ ገልጻ ጻፈችለት። ራምቦ በታኅሣሥ 1882 የሰጠው መልስ የቁጣ አይደለም፤ ያዘነ ሰው መልስ ነው። ከወገኑ ርቆ፣ የሚያምነው ሰው በሌለበት አገር የሚኖርን ልጅ መርዳት እንዲህ እንዳልሆነ ያስረዳታል፤ ገንዘቡም ተመላሽ መሆኑን ያረጋግጥላታል። ፍርዱን ለሚሰጥ ሰው እናቲቱም ያለ ምክንያት አልተቆጣችም። ሻጩን አታውቅም፣ ዕቃውን አላየችም፣ ልጅዋም ፎቶግራፍ አንሥቶ አያውቅም።

ሣጥኑ ዓደንን አልፎ በሕንድ ውቅያኖስ ወደ ሞሪሸስ ደሴት ተሻገረ፤ ከዚያ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ወራት አለፉ። በማርች 1883 ሲከፈት ግን ምንም አልሆነም ነበር። ኮሎኔሉ አላታለለውም። በዚያው ወር ራምቦ የሐረሩ ቅርንጫፍ ኃላፊ ሆኖ ሣጥኑን በግመል አስጭኖ ወጣ።

በሜይ መጀመሪያ ሦስት የራሱን ምስሎች ለቤተሰቡ ላከ። በአንዱ በቤቱ ሰገነት ላይ ቆሟል፤ በአንዱ በቡና ተክል መካከል ነው፤ በሦስተኛው እጁን አጣምሮ በሙዝ ተክል ውስጥ ይታያል። ሦስቱም ገርጥተው ነጥተዋል። ራምቦ በደብዳቤው ጥፋቱን የሰጠው ለሚያጥብበት ውሃ ነው። ነገሩ ለባለሙያ እንግዳ አይደለም። ወረቀቱ በሃይፖ ከጸና በኋላ በብዙ ንጹሕ ውሃ ካልታጠበ ሃይፖው ውስጡ ይቀርና ምስሉን ቀስ በቀስ ይበላዋል። በሐረር ውሃ በእንስራ ተቀድቶ የሚመጣ ነው። ሰውየው ስለ ሌንሱ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ መርከቡ ተጨንቆ ነበር፤ የጎዳው ግን ከሊዮን ያልመጣው ነገር ሆነ።

ሥራው በዚህ አልቆመም። የከተማው ሰው ፎቶግራፍ ለመነሣት ይሻማ እንደነበረና ለአንድ ምስል ጊኒ እስከ መስጠት የደረሰ እንደነበረም ጽፏል። በኦገስት ለባርዴ ከላካቸው ምስሎች መካከል ግሪካዊው ረዳቱ ሶቲሮ በሙዝ ተክል ውስጥ ቆሞ የሚታይበት አለ። የሐረር ገበያም አለ። ከሁሉ የሚልቀው ግን ቡና የሚጫንበትን የቆዳ ከረጢት የሚሠራው ሰው ምስል ነው። ሰውየው ዕቃዎቹን በዙሪያው ደርድሮ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ የማስመሰል ነገር አይታይበትም። ይህን ያነሣው ሰው ቡናን ከፍሬው እስከ ከረጢቱ የሚያውቅ እንደሆነ ምስሉ ራሱ ይመሰክራል።

ያሰበው መጽሐፍ አልተጻፈም። ስለ ኦጋዴን ያዘጋጀው ዘገባ ብቻ በ1884 በጂኦግራፊ ማኅበሩ ታተመለት። በዚያው ዓመት ንግድ ቤቱ ችግር ላይ ወድቆ የሐረሩ ቅርንጫፍ ተዘጋ፤ ግብፆችም ከተማይቱን ሊለቁ ተሰናዱ። ራምቦ ወደ ዓደን ወረደ። በኤፕሪል 1885 ፎቶግራፍ ማንሻውን እያዘነ እንደሸጠው ለቤተሰቡ አስታወቀ፤ ግን አልከሰረበትም። ለእናቱ የገባው ቃል በዚህ ተፈጸመ። ደኅና ሌንስ ዋጋውን ይዞ የሚቆይ ዕቃ ነውና ከገዢ ወደ ገዢ ይተላለፋል፤ ይህኛው ግን የሄደበት አልታወቀም።

ሸዋ የደረሰው ያለ ሣጥኑ ነው። በ1887 መጀመሪያ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ይዞ አንኮበር ገባ፤ በእንጦጦ የተደረገው ሒሳብም እንዳሰበው አልሆነለትም፤ ክፍያውን ከሐረሩ ገዥ ከደጃዝማች መኰንን እንዲቀበል ታዘዘለት። በሜይ ወር ወደ ሐረር ሲመለስ አብሮት የተጓዘው ፈረንሳዊው ዡል ቦሬሊ ፎቶግራፍ ማንሻ ይዞ ነበር። መሣሪያውን የሸጠው ሰው መሣሪያ ከያዘው ጋር በሚንጃርና በኢቱ አገር ጎን ለጎን ተጓዙ። ከዚያ በኋላ ቦሬሊ ወደ ሸዋ ተመልሶ በ1888 እስከ ጅማ ዘለቀ፤ የአባ ጅፋርን ግቢ ጅሬንንም አየ። የጉዞ መጽሐፉ ከነሥዕሎቹ በ1890 በፓሪስ ታተመ። ራምቦ ሊጽፈው ያሰበውን ዓይነት መጽሐፍ የጻፈው እንግዲህ የመንገድ ጓደኛው ነው፤ ያውም ስለ ሌላው የቡና አገር ጨምሮ።

ራምቦ ከ1888 ጀምሮ በሐረር የራሱን ንግድ ከፈተ፤ ቡናም ሲገዛና ሲልክ ቆየ። በ1891 መጀመሪያ ጉልበቱ አበጠ። በኤፕሪል በቃሬዛ ተሸክመውት በበረሃው ወደ ዘይላ ወረደ፤ ከዚያም በማርሴይ ሆስፒታል ቀኝ እግሩ ተቆረጠ። ኖቬምበር 10 ቀን 1891 በ37 ዓመቱ ሞተ።

በሐረር በስሙ የሚጠራው ቤት ከሞተ በኋላ የተሠራ ነው። በውስጡ የከተማይቱ አሮጌ ፎቶግራፎች ለጎብኚ ይታያሉ። ከራሱ ሥራዎች የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ የሚገኙትም በፈረንሳይ ነው። በቡናው ተክል መካከል የቆመበት ምስል አሁንም አለ፤ ፊቱ ግን ጠፍቶ ነጭ ልብሱና የቅጠሉ ጥላ ብቻ ይለያል።