ጉስታቭ ጊምዛ፦ የደም ማቅለሚያን ያረጋው ኬሚስት

በአገራችን ላቦራቶሪዎች «ጂምሳ» የሚባለው ማቅለሚያ ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው ኬሚስት ከጉስታቭ ጊምዛ ነው። ጊምዛ በ1867 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በላይኛው ሲሌዥያ ተወለደ። በላይፕዚግ ፋርማሲ፣ በበርሊን ደግሞ ኬሚስትሪና ባክቴሪዮሎጂ አጠና። ከ1895 እስከ 1898 በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛት በመድኃኒት ቀማሚነት ሠራ። በ1900 በሃምቡርግ የመርከበኞችና የሞቃት አገሮች በሽታዎች ተቋም ሲከፈት፣ በሐኪሙ በበርንሃርድ ኖኽት ኃላፊነት ሥር የኬሚስትሪውን ክፍል ያዘ።

የወባን ተሕዋስ በቀለም መለየት በዚያን ጊዜ አዲስ አልነበረም። ሩሲያዊው ሐኪም ድሚትሪ ሮማኖቭስኪ ሜቲሊን ብሉንና ኢዮሲንን ቀላቅሎ፣ የተሕዋሱ ኒውክሊየስ ቀይ፣ ሳይቶፕላዝሙ ሰማያዊ ሆኖ እንዲታይ ያደረገው በ1891 ነው። ችግሩ ውጤቱን መድገም ነበር። ቀዩ ቀለም የሚወጣው ሜቲሊን ብሉው ሻጋታ እስኪያበቅል ድረስ ሲቆይ ነው፤ አዲሱ ግን እንቢ ይላል። ድብልቁም ቶሎ ስለሚዘቅጥ በስላይዱ ላይ የሚቀረው ዝቃጭ ተሕዋስ መስሎ መርማሪውን ያሳስታል። በዚህ ሁኔታ አንዱ ሐኪም አየሁ ያለውን ሌላው ሊያረጋግጥለት አይችልም ነበር።

ምክንያቱ ቆይቶ ታወቀ። ሜቲሊን ብሉ ሲያረጅ በኦክሲዴሽን ከፊሉ ወደ አዙር ይለወጣል፤ ኒውክሊየሱን የሚያቀላው አዙሩ ከኢዮሲን ጋር ሲጣመር ነው። ጊምዛ የቀለሙን እርጅና መጠበቁን ትቶ አዙሩን በሚዛን ለካ፤ በ1904 ባሳተመው አሠራርም ቀለሞቹን በሜታኖልና በግሊሰሪን አሟሟቸው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከቀለሞቹ ይልቅ የበለጠ የጠቀመው የአሟሚዎቹ ምርጫ ነው። ቀለሞቹ በሜታኖልና በግሊሰሪን ውስጥ ሳይዘቅጡ ይቆያሉ፤ የማቅለሙ ሂደት የሚጀምረው ውሃ ሲጨመር ነው። ዋናው ጠርሙስ ውስጥ አንዲት ጠብታ ውሃ እንዳትገባ የምንጠነቀቀውም፣ የተበረዘውን ለነገ የማናሳድረውም ስለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ጎን ለጎን ስለሚገኙና ሕክምናቸው ስለሚለያይ፣ ምርመራው የተሕዋሱን ዝርያ ጭምር መለየት ይኖርበታል። በቫይቫክስ በተያዘ ቀይ የደም ሴል ላይ የሚታዩት የሹፍነር ነጠብጣቦች ለዚህ ይረዳሉ፤ የመበረዣው ውሃ ፒኤች ወደ 7.2 ሳይስተካከል አሲዳማ ሆኖ ከቀረ ግን ነጠብጣቦቹ ይደበዝዛሉ።

የማቅለሚያው ጥቅም ከወባም አለፈ። ፍሪትዝ ሻውዲንና ኤሪክ ሆፍማን በ1905 የቂጥኝን ተሕዋስ ሲያገኙ፣ ያንን እጅግ ቀጭንና ቀለም የማይዝ ጠመዝማዛ ፍጥረት በስላይድ ላይ ያሳዩት በጊምዛ ማቅለሚያ ነው።

ስያሜውን በተመለከተ ጊምዛ የቀዳሚውን ድርሻ አልሸፈነም። ማቅለሚያው ለገበያ የቀረበው ለሮማኖቭስኪ ማቅለም የሚያገለግል የጊምዛ ሙሙት ተብሎ ነበር። ስሙን አሳጥሮ ሮማኖቭስኪን ያስቀረው የኋላው የላቦራቶሪ ልማድ ነው። ጊምዛ በ1948 በኦስትሪያ፣ በቲሮል ግዛት አረፈ።