ጀምስ ብሩስና የዋጊኖስ ሥር

የጀምስ ብሩስ ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ጊሽ ዓባይን ነው። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው በስሙ የተጠራውን ቍጥቋጦ፥ የአገራችንን ዋጊኖስ ነው፤ አባሎ የሚሉትም አሉ።

ብሩስ በ1730 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው) በስኮትላንድ ኪኔርድ በሚባል ስፍራ ተወለደ። ሚስቱ በተጋቡ በጥቂት ወራት ሞተችበት፤ ከዚያም በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆነ። በ1769 በምጽዋ ገብቶ በተከታዩ ዓመት ጎንደር ደረሰ። በቤተ መንግሥቱ ሕፃናት ላይ ፈንጣጣ ገብቶ ስለ ነበር፥ ጥቂት የሕክምና ዕውቀቱ በእቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ሞገስ አስገኘለት።

ዳሩ ግን ሐኪም የተባለው ሰው ራሱ ታመመ። በ1772 ወደ ስናር ሲወርድ ራስ ፊል በሚባለው ቆላ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ጣለው፤ እንደ ጻፈው ከሆነ ያዳነው የአገሬው ሰው የሰጠው የዋጊኖስ ሥር ነው። ዘሩን ይዞ ሄደ፤ ተክሉም ብሩሲያ አንቲዲሰንተሪካ ተባለ። ሁለተኛው ቃል የተቅማጥ መድኃኒት ማለት ነው። መድኃኒቱን የሰጠው ሰው ስም ግን በተክሉ ላይ የለም። የቦሎኛው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒም ዕድሉ ይኸው ነው። የተክሎቹን ሥዕል አብዛኛውን የሠራው እርሱ ሲሆን በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ፤ ብሩስ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ ግን የሰውየውን ድካም አሳንሶ አለፈው። ለዚህ ጀግና ሰው ይህን ይቅር ማለት ያስቸግረኛል።

ስሙም ቢሆን መዘዝ አለው (የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን ብሳሳት ያርሙኝ)። በ1819 ፔልቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ፈረንሳውያን ከአንድ መራራ ቅርፊት መርዝ አወጡ፤ ቅርፊቱም የብሩስ ቍጥቋጦ መስሏቸው መርዙን ብሩሲን አሉት። ኋላ ሲመረመር ቅርፊቱ ስትሪክኒን የሚገኝበት የእስያ ዛፍ ሆኖ ተገኘ። ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

እውነተኛው የዋጊኖስ ምሬት ኳሲኖይድ ከሚባሉት ነው። በ1973 በአሜሪካ የኩፕቻን ቡድን ከዚሁ ተክል ብሩሲያንቲንን ለየ። ሕዋስ ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግዳል፤ በአይጦች የደም ካንሰር ላይ ብርቱ ነበር፥ በሰው ሲሞከር ግን ዕጢውን ማሳነስ አልቻለም።

ብሩስ ይህን አንዱንም አላየ። ከፈንጣጣ አገር፥ ከተቅማጥና ከኑብያ በረሃ የተረፈው ሰው በ1794 በገዛ ቤቱ አንዲት እንግዳ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከደረጃ ወድቆ ሞተ።