አርተር ሴሲል ፒጉ፦ የጭስ ዋጋና ያልተወለዱት ድርሻ

አርተር ሴሲል ፒጉ በ1877 በእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ፣ በዋይት ደሴት ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ካምብሪጅ የገቡት ታሪክ ሊያጠኑ ቢሆንም ወደ ምጣኔ ሀብት አዘነበሉ፤ በ1908፣ ገና በ30 ዓመታቸው፣ የአልፍሬድ ማርሻልን ወንበር ወረሱ፤ እስከ 1943 ድረስም ቆዩበት። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መሣሪያ አላነሡም፤ በዕረፍት ወራት ግን በጦር ግንባር አምቡላንስ ይነዱ ነበር።

ዛሬ በአየር ንብረት ፖሊሲ ክርክር ስማቸው የሚነሣው በ1920 ባሳተሙት የማኅበራዊ ደኅንነት ምጣኔ ሀብት መጽሐፍ ምክንያት ነው። ባቡር የሚተፋው የእሳት ብልጭታ በሐዲዱ ዳር ያለውን ደን ቢያቃጥል፣ የፋብሪካ ጭስ የከተሜውን ልብስና ግድግዳ ቢያጠቁር፣ ኪሳራው በባለድርጅቱ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ስለዚህ ምርቱ ለማኅበረሰቡ ከሚበጀው መጠን ያልፋል። ጉዳቱን የሚመጥን ግብር ሲጣል ግን አምራቹ የሌላውን ኪሳራ እንደ ራሱ ወጪ ለመቁጠር ይገደዳል። ፊንላንድ በ1990፣ ስዊድን በ1991 በካርቦን ላይ የጣሉት ግብር በዚሁ አመክንዮ ላይ የቆመ ነው።

ይሁንና የፒጉን ውርስ በግብሩ ብቻ መመዘን ጎደሎ ነው። ለአየር ንብረት ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው፣ በተማሪዎች ዘንድም እምብዛም የማይነበበው፣ ስለ መጪው ትውልድ የጻፉት ክፍል ይመስለኛል። ሰው የሩቁን ጊዜ ጥቅም አሳንሶ ያያል፤ ይህም ለፒጉ የዕይታ ጉድለት እንጂ የአስተዋይነት ምልክት አልነበረም። መንግሥት ላልተወለዱትም ባለአደራ በመሆኑ የሚያልቁ የተፈጥሮ ሀብቶችን ከችኩል ብክነት መጠበቅ እንዳለበት አስተምረዋል። በ2006 የወጣው የኒኮላስ ስተርን ሪፖርት የቀሰቀሰው ሙግት፣ ማለትም የመጪው ዘመን ጉዳት በዛሬ ዋጋ ስንት ይቆጠር የሚለው፣ በመሠረቱ ይኸው ጥያቄ ነው።

ፒጉ በመንግሥት ላይ የዋህ እምነት ነበራቸው የሚለው ነቀፋ ግን ሚዛኑን የሳተ ነው። ጉድለት ያለበትን ገበያ እንከን ከሌለው ምናባዊ መንግሥት ጋር ማወዳደር ተገቢ እንዳልሆነ፣ ባለሥልጣናትም ለድንቁርና፣ ለቡድኖች ግፊትና ለሙስና የተጋለጡ መሆናቸውን በዚያው መጽሐፋቸው አስፍረዋል። ሮናልድ ኮዝ ጉዳት አድራሹና ተጎጂው በድርድር ሊስማሙ የሚችሉበትን ሁኔታ በማሳየት የፒጉን አቀራረብ አጥብቀው የሞገቱት በ1960 ነበር። ፒጉ ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድመው፣ በ1959፣ በካምብሪጅ አርፈዋል።