ሚላንኮቪች፦ የባሕር ጭቃ የመሰከረለት ሊቅ

ሰርቡ የሒሳብ ሊቅ ሚሉቲን ሚላንኮቪች እ.ኤ.አ. በ1914 ገና ሙሽራ ሳለ በኦስትሪያ-ሃንጋሪ ታሰረ። ቀጥሎም ቡዳፔስት ውስጥ በቁም እስር ሆኖ ቤተ መጻሕፍት እየገባ ስሌቱን ቀጠለ። የበረዶ ዘመናትን የሚያመላልሰው የምድር ምሕዋርና የዘንጓ ዘንበል መለዋወጥ ነው ባይ ነበር፤ ያውም ያለ ኮምፒውተር፣ በእጁ አስልቶ! በ1941 ዋና መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሳለ ቤልግሬድ በቦምብ ተደበደበች፤ የታተሙት ገጾች ግን ተረፉ። በ1958 ሲሞት ብዙ የጂኦሎጂ ሊቃውንት ሐሳቡን አልተቀበሉትም ነበር።

ምስክሩ ከባሕር ወለል መጣ። በረዶ በየብስ ሲከማች ቀላሉን ኦክስጅን ይዞ ያስቀራል፤ በባሕሩ ከባዱ ይበረክታል። ይህም በጥቃቅን ፍጥረታት ዛጎል ተመዝግቦ ጭቃ ውስጥ ይቀበራል። በ1976 ሄይስ፣ ኢምብሪና ሻክልተን ከደቡባዊ ሕንድ ውቅያኖስ በወጣ ደለል ውስጥ ከስሌቱ ጋር የሚገጥሙ የ23 ሺህና የ41 ሺህ ዓመት ዑደቶች አገኙ። የ100 ሺህ ዓመቱ ዑደት ለምን እንደበረታ ግን ዛሬም ያከራክራል።