ፊሊ ሉታያን ያላመኑት

ፊሊ ቦንጎሌ ሉታያን ከኡጋንዳ ውጭ ያለ ወጣት ብዙም አያውቀውም። እኔ ግን ኤችአይቪና ዝነኛ ሰው ሲነሳ ከፍሬዲ ሜርኩሪ ቀድሞ የሚመጣብኝ እሱ ነው። ፍሬዲ ሕመሙን ይፋ ያደረገው ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። አልፈርድበትም። ፊሊ ግን ከተናገረ በኋላ ወራት ኖረ፤ ያንን ሁሉ ወሬ በጆሮው እየሰማ።

የተወለደው በ1951 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። አገር ላገር ሲዘፍን ቆይቶ በ1980ዎቹ ስዊድን ገባ። እዚያ በስደት ሆኖ የሠራው ቦርን ኢን አፍሪካ ኡጋንዳ ውስጥ ያልሰማው የለም።

ያኔ ኡጋንዳ ውስጥ በሽታውን ስሊም ይሉት ነበር፣ ሰውን ስለሚያከሳ። ስሙ ራሱ ጣጣ አለው። የታመመ ይከሳል ከተባለ ያልከሳ ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት ነዋ! ቫይረሱ ግን ምንም ሳያሳይ ዓመታት ይቀመጣል። ፍቅረኛውን በዓይኑ መርምሮ ኮንዶሙን የሚተው ሰው ዛሬም አለ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ኤፕሪል 1989 ላይ ፊሊ ቫይረሱ በደሙ እንዳለ ለሕዝብ ተናገረ። እንደሱ ታዋቂ ሆኖ እንዲህ ያለ ኡጋንዳዊ ከዚያ በፊት አልነበረም። ሰዉ ግን አላመነውም። ካሴት ሊሸጥ ነው አሉ፤ ተከፍሎት ነው ያሉም ነበሩ። እሱ በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ እየዞረ ማስተማሩን ቀጠለ። ስለ ብቸኝነቱና ስለ ፍርሃቱም ዘፈነ። ሰውነቱ እያለቀ ሲሄድ የቀረጹት ሰዎች ነበሩ፤ ፊልሙን አይቼ እስከ መጨረሻው መጨረስ ከብዶኛል። ዛሬ ሕይወት የሚያተርፈው የተቀናጀ ሕክምና የመጣው በ1996 ነው። እሱ ዲሴምበር 15፣ 1989 ሞቷል። 38 ዓመቱ ነበር።

እሱን እያነሱ ሁሉም ሰው ይናገር የሚሉትን ግን አልስማማባቸውም። ፊሊ ስም ነበረው፣ አድማጭ ነበረው። ደቡብ አፍሪካዊቷ ጉጉ ድላሚኒ በ1998 ቫይረሱ እንዳለባት በአደባባይ ስትናገር ስም አልነበራትም፤ በዚያው ወር ሰፈሯ ውስጥ ተደብድባ ተገደለች።

አንዲት የማውቃት ሴት መድኃኒቷን የቫይታሚን ዕቃ ውስጥ ገልብጣ ነው የምታስቀምጠው። በየቀኑ ትወስዳለች፤ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ደርሷል፤ በግንኙነት አታስተላልፍም። ባሏም ያውቃል። የምትፈራው አከራይዋን ነው። ስለ ፊሊ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ቤቱ የራሱ ነበር ወይ ብላ ነው።