መስኮቱ ይከፈት ወይስ ይዘጋ? የሜሪ ፓርከር ፎሌት ሕይወት

እህቴ፣ በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ ከሥራው ብዛት ይልቅ ኩርፊያው፣ ጩኸቱና የኔ ሥራ ያንቺ ሥራ መባባሉ እንደሚያደክም ታውቂዋለሽ። ይህንኑ ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ያጠናች አንዲት አሜሪካዊት ነበረች።

ሜሪ ፓርከር ፎሌት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1868 በቦስተን አቅራቢያ ኩዊንሲ በምትባል ከተማ ተወለደች። አባቷ ገና በወጣትነቷ ሞቱ። እናቷ ታማሚ ስለነበሩ የቤቱ ኃላፊነት በእሷ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላንቺ መንገር አያስፈልግም። ከራድክሊፍ ኮሌጅ የተመረቀችው በ1898 ነው፣ 30 ዓመት ሊሞላት ሲል።

ከዚያ ቦስተን ውስጥ ሮክስበሪ በሚባል የድሆች ሰፈር መሥራት ጀመረች። ማታ ማታ ባዶ የሚያድሩት ትምህርት ቤቶች ለሰፈሩ ሰው መሰብሰቢያ እንዲከፈቱ ከታገሉት አንዷ ናት። ስለ ስብሰባ ያወቀችውንም ከዚያ ነው ያገኘችው። ሰው ውሳኔውን ጨርሶ ይዞ ከመጣና ማን አሸነፈ ብሎ ከተለያየ፣ ለእሷ ያ ስብሰባ አልነበረም። በማሳቹሴትስ ዝቅተኛ ደመወዝ በሚወስኑ ቦርዶች ተቀምጣም የአሠሪና የሠራተኛን ክርክር ሰምታለች።

በጣም የሚታወቀው ምሳሌዋ ትንሽ ነው። በሃርቫርድ ቤተ መጻሕፍት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አንዱ ሰው መስኮቱ ይከፈት አለ፣ እሷ ደግሞ ይዘጋ አለች። የሚቀጥለውን ክፍል መስኮት ከፈቱ። ሰውየው የፈለገው ንጹሕ አየር ነበር፤ እሷ ደግሞ የሰሜን ነፋስ በቀጥታ እንዳይመታት ብቻ። ግማሽ ቢከፍቱት ኖሮ ሁለቱም ይከፋቸው ነበር። ፎሌት ከመሸናነፍም ከመካከለኛ ስምምነትም የሚሻለው፣ እያንዳንዱ የፈለገበትን ምክንያት አውጥቶ ሁለቱን የሚያረካ ሦስተኛ መንገድ መፈለግ ነው ትል ነበር። አብራሽ የምትሠራው ልጅ ብረት ምጣዱን ነክተሽብኛል ብላ ስታኮርፍ፣ ምጣዱን ትተሽ ለምን እንደፈለገችው ጠይቂያት።

በ1920ዎቹ አጋማሽ ለነጋዴዎችና ለፋብሪካ ኃላፊዎች ስለ ትእዛዝ አሰጣጥ ንግግር ታደርግ ነበር። ሰውን የሚያስኮርፈው ብዙ ጊዜ ትእዛዙ ሳይሆን አሰጣጡ ነው፤ ከሩቅ ከተላከ ትእዛዝ ፊት ለፊት መነጋገር ይሻላል ትላለች። (ዋትስአፕ በዘመኗ አልነበረም።) ትእዛዝ ከሰው ሥልጣን ሳይሆን ከሥራው ሁኔታ መምጣት አለበት የሚለውም የእሷ ነው። ማዳም ዛሬ እንግዳ አለ፣ ምግቡ ለ8 ሰዓት ይድረስ ብትልሽ፣ ሁለታችሁንም የሚያዝዘው ሰዓቱ ነው። ልብሱን መተኮስ ለነገ ይቆይ ወይ ብለሽ መጠየቅም ያኔ ይቀልሻል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሌላው ወገን ለመስማት ፈቃደኛ ሲሆን ነው። የተከለከለ ደመወዝ፣ የተያዘ ፓስፖርትና ዱላ የመስኮት ጉዳይ አይደሉም፤ ሦስተኛ መንገድም አይፈለግላቸውም፤ ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወይም ለኤምባሲ ነው የሚነገሩት።

ፎሌት በ1933 መጀመሪያ ለንደን ሄዳ በኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤቱ ንግግር አደረገች። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር በ65 ዓመቷ ቦስተን ውስጥ አረፈች። ጽሑፎቿ በአገሯ ለረጅም ጊዜ ተረስተው ከቆዩ በኋላ፣ ዛሬ የሥራ አመራር ተማሪዎች መልሰው ያነቧቸዋል።